ደጅ ማስጠናትና ዝም ማለት

ደብረ ታቦር ራስ ጉግሳ ከቆረቆሯት ጊዜ አንሥቶ እስከ አፄ ዮሐንስ ዘመን ድረስ የደጅ ጠኚ ከተማ ነበረች። የየጁ ራሶች ጎንደር ላይ ንጉሥ እያነገሡና እየሻሩ አገሩን ያዘዙት ከዚያ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በአጠገቧ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩባት፣ አፄ ዮሐንስም በየጊዜው እየመጡ የተቀመጡባት ከተማ ናት። ባለርስቱ ለክርክሩ፣ መኳንንቱ ለሹመቱ፣ የተበደለው ለፍርድ፣ የውጭ አገር መልክተኛው ለያዘው ደብዳቤ መልስ ሊያገኝ ወደዚያች አምባ ይወጣ ነበር። ጌታው አንድ፣ ፈላጊው እልፍ ሲሆን ማን ይግባ? ስንቱ ውጭ ይጠብቅ? ገብቶ ዝም ያለው እስከ መቼ ይታገሡታል? የማይገባውስ ምን ይባላል? ዛሬ የኢንተርኔት ሰርቨር የሚጽፉ ፕሮግራመሮች የሚጨነቁት በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ማስጠበቅም መከልከልም ሰውን ያስከፋሉ፤ ደጁን የሚያፈርሰው ግን መልስ ሳይሰጡ ዝም ማለት ነው።

የቤተ መንግሥቱ ደጅ እንዲያው ክፍት ወይም እንዲያው ዝግ አልነበረም። በሩ ላይ አጋፋሪ ቆሞ የሚገባውን ከማይገባው ይለያል። ከውስጥ ደግሞ እልፍኝ አስከልካዩ ጌታው ካሉበት ክፍል ደጃፍ ላይ ሆኖ እንደገና ያጣራል፤ አጋፋሪውን ያለፈ ሁሉ እሱን አያልፍም። ውጭ የቀረው ከንጋት ጀምሮ «አቤት! ጃንሆይ!» እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ ሥርዓት አልባነት ይመስላል እንጂ መዝገብ በሌለበት አገር ባለጉዳዩ መኖሩን የሚያስመዘግብበት መንገድ ነበር። ሥርዓቱ በደንብ የሚታየው ግብር ሲበላ ነው። አዳራሹ የሚችለው የተወሰነ ሰው ስለሆነ ሰው በማዕረጉ እየተፈራረቀ ይገባል፤ አንዱ ዙር ሲነሣ ውጭ ያለው ይተካል፤ ጠግቦ አልነሣም ያለውን አጋፋሪው ዱላውን አሳይቶ ያስነሣዋል። ጥበቃ ሲላላ ምን እንደሚከተል ደጃዝማች ውቤ በ1834 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ታቦር ላይ አይተውታል። ራስ አሊን ድል ነሥተው በደስታ ግብዣ ላይ እንዳሉ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። 

ሰርቨር ከበስተጀርባ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚሠራ፣ ሲጠሩት ብቻ የሚሰማ ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያዎቹ ዴመን ይሉታል። የሚጠራው ወገን ክላየንት፣ በሁለቱ መካከል የሚከፈተው መስመር ኮኔክሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት 4.2 ቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት ደጁ ላይ ስንት ኮኔክሽን ተሰልፎ እንዲጠብቅ ፕሮግራመሩ ራሱ እንዲወስን አደረገ፤ የዚያን ጊዜው ጣራ 5 ብቻ ነበር። በ1995 ብቅ ያለውና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነው አፓቼ ለእያንዳንዱ ክላየንት አንድ ሠራተኛ ፕሮሰስ ይመድብ ነበር፤ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር ከ256 በላይ ባንድ ጊዜ አያስተናግድም ነበር። አንዴ ጠይቆ ዝም ያለውን ክላየንት መጀመሪያ 15 ሰከንድ፣ ከ2.2 እትም ወዲህ ደግሞ 5 ሰከንድ ብቻ ይታገሠዋል። በ1999 ዳን ኬገል አንድ ማሽን አሥር ሺህ ክላየንት ባንድ ጊዜ እንዴት ያስተናግድ ብሎ ጠየቀ፤ በ2004 ኢጎር ሲሶዬቭ ያወጣው ኤንጂንኤክስ ለጥያቄው ከተገኙት መልሶች አንዱ ነው። ለሰው ሁሉ አንዳንድ አስተናጋጅ መመደቡን ትቶ፣ ጥቂት ፕሮሰሶች በሺህ የሚቆጠሩትን ሁሉ እንዲያዳምጡና የሚናገር ነገር ወዳለው ብቻ እንዲዞሩ አደረገ። አንድ አጋፋሪ ለሙሉ አደባባይ ይበቃል የሚለውን የደብረ ታቦር ሰው ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ስለ ብዛት ይህን ያህል ይበቃል፤ ዋናው ነገር ዝምታው ነው። ኮኔክሽን የሚከፈተው በሦስት ቃል ልውውጥ ነው፦ ክላየንቱ «ልግባ?» ይላል፣ ሰርቨሩ «ሰምቻለሁ፣ ግባ» ይላል፣ ክላየንቱ «መጣሁ» ብሎ ያጸናል። ሰርቨሩ ሁለተኛውን ቃል ተናግሮ ሦስተኛውን እስኪሰማ ድረስ ለዚያ ሰው ቦታ ይዞ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1996 በኒው ዮርክ ፓኒክስ የተባለውን የኢንተርኔት አቅራቢ ያጠቁት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሐሰት አድራሻ «ልግባ?» የሚል ጥያቄ አጎረፉ፣ ሦስተኛውን ቃል ግን አልተናገሩም። ሰልፉ በማይመጡ እንግዶች ተሞላ፤ እውነተኛው ባለጉዳይ ለቀናት ደጁ ላይ ቀረ። ዳንኤል በርንስታይን በዚያው ወር ያቀረበው መላ ሰርቨሩ ቦታ መያዙን እንዲተው ነበር። የሚያስታውሰውን ነገር በምስጢር ስሌት በመልሱ ውስጥ አካትቶ ይልከዋል፤ እውነተኛው ክላየንት ሦስተኛውን ቃል ሲናገር ያንኑ ይዞ ይመለሳል፤ ሐሰተኛው ግን የሰርቨሩን ደጅ ሳይዝ ይቀራል።

በዚህ ዓይን ከታየ የአፄ ቴዎድሮስና የለንደን ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡ። መልክተኞች ወደ እንግሊዝ መላክ እንደሚፈልጉ፣ መንገዱን ግን ቱርክ እንደዘጋባቸው የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤው በየካቲት ለንደን ገባ። እዚያ አልተቀደደም፣ አልተናቀም፣ እምቢም አልተባለም፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ተላልፎ መልስ ሳይጻፍለት ተቀመጠ። ንጉሡ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት። ለንደን የነቃችው ከዚህ በኋላ ነው፤ የንግሥቲቱን ደብዳቤ አስይዛ ሆርሙዝድ ራሳምን ላከች። ራሳም ምጽዋ ደርሶ በተራው ደጅ ጠና። ንጉሡም ለላከላቸው ደብዳቤዎች መልስ ሳይሰጡ ቆይተው ነበርና አገር ለመግባት ፈቃድ እስኪያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። ፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍሮ ከእስር የተፈቱት ተሰበሰቡለት፤ ሊሄዱ ሲነሡ ግን እሱም እነሱም ታሰሩ። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት የተሠራውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል ሰው እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ፤ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል።

«ከእንግሊዝ ጋር ለሆነው ለመቅደላው ጦርነት አንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ ይበቃልን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያን ጊዜ የንጉሡ ግዛት በሽፍታ ተከቧል፣ ከካህናቱ ጋር ተጣልተዋል፣ የእንግሊዝ መንግሥትም ከቱርክና ከግብፅ ጋር ያለውን ወዳጅነት ሊያደፈርስ አልፈለገም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ለንደን «መልክተኛ አንቀበልም» ብላ ብትጽፍ ንጉሡ ይቆጡ ነበር እንጂ ዝምታው ስድብ ይሁን መዘግየት ሳያውቁ አይከርሙም ነበር። ለዚህ ማነጻጸሪያው እዚያው ደብረ ታቦር ላይ አለ። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ቻርልስ ጎርደን የግብፅን ኸዲቭ ወክሎ አፄ ዮሐንስ ዘንድ ቀረበ። ንጉሡ ግብፅ የያዘችውን ቦጎስንና ሌላም ጠየቁ፣ ጎርደን ይህን የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለኸዲቭ ቴውፊቅ የተጻፈ አጭርና ኮስታራ ደብዳቤ አስይዘው ሰደዱት። ጎርደን ተንገላቷል፣ መንገድ ላይም ተይዟል፤ ድርድሩም ከሽፏል። ቢሆንም ሁለቱም ወገን የት እንደቆመ አውቋል፤ ማንም ያልተመለሰ ደብዳቤ እያሰበ አልከረመም።

ከኮምፒውተር ሰዎች በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ ዝምታ አንዳንዴ ጥበብ ነው የሚል ነው። ፋየርዎል የሚያዋቅር ሰው አጠራጣሪ ጥያቄ ሲመጣ «እምቢ» ብሎ ከመመለስ ዝም ብሎ መጣል እንደሚሻል ይመክራል፤ እምቢታ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ይነግራልና። ለማይታወቅ ሌባ ይህ ልክ ነው። ለታወቀ ባለጉዳይ ግን ስሕተት ነው፤ እሱ ጥያቄው የጠፋ መስሎት ደጋግሞ ይልካል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጌታውም ከጩኸት ሲሸሽ ወደ ባሰ ጩኸት ይገባል። ለካሜሮን የተሰጠው ደብዳቤ ደግሞ የማን እንደሆነ ማኅተሙ ይናገር ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ የደጁ ሥርዓት የአቅም ጉዳይ ሳይሆን የሹመኛ ፍላጎት ነበር፤ እጅ መንሻ ያለው ይገባል፣ የሌለው «ነገ ተመለስ» ይባላል። እውነት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአጋፋሪው ደንብ ያለው በአጋፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ የክፍት ሶፍትዌር ደንብ ግን ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና ዛሬ አብዛኛው የሊኑክስ ሰርቨር የሚጠበቅበት ኦፕንኤስኤስኤች ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ 10፣ 30፣ 100። ማንነታቸውን ያላስመሰከሩ አሥር ኮኔክሽኖች ደጁን ሲይዙ ከሚቀጥሉት 30 በመቶው በዕጣ ይመለሳሉ፤ መቶ ሲደርስ ሁሉም ይመለሳሉ። ገብቶ የይለፍ ቃሉን የማይናገር ሰው ጊዜው 120 ሰከንድ ነው። እጅ መንሻ እዚህ ቦታ የለውም።

ደንቡ መጻፉ ግን ከስሕተት አያድንም። በሐምሌ 2024 ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች ያ የ120 ሰከንድ ቀነ ገደብ ሲያልቅ የሚሠራው ኮድ ራሱ ቀዳዳ እንዳለው ይፋ አደረጉ። ክላየንቱ ዝም ብሎ ቆይቶ ልክ ጊዜው በሚያልቅባት ቅጽበት ከመጣ የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ቀዳዳው በ2006 ተደፍኖ የነበረ ሲሆን በ2020 በተደረገ ለውጥ ሳይታሰብ ተመልሶ ተከፍቷል። ያ ለውጥ መቼ እንደገባ፣ በየትኛው መስመር እንደሆነ ከመዝገቡ ተለይቶ ታወቀ፤ እርማቱም ይፋ በሆነበት ቀን በ9.8 እትም ወጣ። የሁለት ደቂቃው ገደብ ግን እንዳለ ቀጥሏል።