ደጓሹ ሄደ፣ ስፌት ሰፊዋ ቀረች

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ቆየ። ስለ ከተማዋ ከጻፈው አብዛኛው ነቀፌታ ነው፤ ሰዉንም ቤቱንም አልማረም። የመጽሐፍ ድጉሰቷ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ተገራ። በጥንካሬና በመልክ የሐረርን ድጉስ የሚበልጥ ቢኖር የፋርስ ብቻ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ያ ድጉስ ዛሬ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ባለው የሸሪፍ ሙዚየም ይታያል። ቀላ ያለ ቡናማ ቆዳ ነው። ጌጡ በብረት ተጭኖ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ስለገባ ጣት ቢሄድበት ይሰማል፤ በግራ በኩል የተረፈው ክዳን ታጥፎ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራ ይጠብቃል። ከውስጥ ካለው ወረቀት ብዙው የጣሊያን ነው። ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ሦስት ጨረቃዎች ይታያሉ፤ የጣሊያን ፋብሪካዎች ለሙስሊሙ ዓለም ገበያ በሚልኩት ወረቀት ውስጥ ያሳርፉት የነበረ ምልክት ነው። እንግዲህ የእጅ ሥራ የምንለው ያኔም ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በ1875 ግብፆች መጡ፤ በ1887 ምኒልክ ከተማዋን ያዙ፤ በ1902 ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። የካይሮና የቦምቤይ ማተሚያ ቤቶች መጽሐፍም እየረከሰ መጣ። በእጅ የሚገለብጥ ሲጠፋ የሚደጉሰውም ሥራ ፈታ። ደጓሹን ያጠፋው የጥበብ ማነስ አይመስለኝም፤ ደንበኛው ነበር የጠፋው።

የአለላ ስፌት ታሪክ ግን ሌላ ነው። በርተን ሐረርን ባየ በማግሥቱ ዓመት ዊሊያም ፐርኪን የተባለ ወጣት ለንደን ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ሐምራዊ ቀለም አወጣ። የፋብሪካ ቀለም ዘመን ተጀመረ። እንግሊዛዊው የጨርቅ ነዳፊ ዊሊያም ሞሪስ በ1870ዎቹ ይህን ቀለም ጠልቶ ወደ ዕፅዋት ቀለም ተመለሰ። የሐረር ሴቶች ግን ቀለሙ በነጋዴ እጅ ሲደርሳቸው ተቀበሉት። አለላው ደመቀ፤ ወስፌው ግን ያው ወስፌ፣ አሰፋፉም ዙሪያውን እየተጠመጠመ የሚሄደው ያው አሰፋፍ ነው። ጥበቡ ያለው በቀለሙ ሳይሆን በአሰፋፉ መሆኑ ከሞሪስ ይልቅ ለእነሱ የገባቸው ይመስለኛል።

ስፌት እንዳይጠፋ ያደረገው ገዢው ቤቱ ራሱ መሆኑ ነው። የሐረሪ ቤት ሳሎን ግድግዳው በስፌት ይሞላል፤ ከታች ነደባ የሚባሉት መቀመጫ መደቦች፣ ከላይ በረድፍ የተሰቀሉት ሙዳዮችና ሰፌዶች። ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠው ስፌት አለ፤ ሐማት ሞት ይሉታል። ሠርግ እስካለ ድረስ ትእዛዝ አለ። ቱሪስቱ ቢመጣም ባይመጣም።

በጀጎል ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ማኪና ግርግርም፣ የራሱ ታሪክ አለው። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ዛሬም ሰፊዎቹ ከጨርቅ ሱቆቹ ፊት ተቀምጠው ፔዳል ይረግጣሉ። የተለወጠው የትእዛዙ አመጣጥ ነው፤ ደንበኛዋ ከስልኳ ፎቶ ታወጣለች፣ ሰፊው በሁለት ጣቱ አስፍቶ የአንገቱን ቅድ ያያል፣ ጠመኔውን አንስቶ ጨርቁ ላይ ይነድፋል። ዲዛይኑ ዱባይ ይሳል አዲስ አበባ፣ ልኩን የሚያውቀው እሱ ነው።

የእጅ ጽሑፎቹንም ካሜራ አግኝቷቸዋል። በኮፐንሃገን ያለ ተመራማሪ ዛሬ የሐረርን መጽሐፍ በኮምፒውተር መስኮት ማንበብ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እሳትና ምስጥ ጽሑፉን አይበሉትምና። ፎቶው ጽሑፉን ያድናል እንጂ ድጉሱን አያድንም። ከፊት ብቻ በተነሳ ምስል ሦስቱ ጨረቃዎች አይታዩም፤ የክዳኑ እጥፋትና የብረቱ ጥልቀትም ጠፍጣፋ ሆነው ይቀራሉ። የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የድጉሰትን ጥበብ አጥንተው ያረጁ መጻሕፍትን በእጃቸው መጠገናቸው ለዚህ ይመስለኛል። ጥበቡ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ለሠርጓ ስፌት እንደምታዘጋጀው ሙሽራ፣ ለቤቱ መጽሐፍ የሚያስደጉስ ደንበኛ ግን ገና ነው።