አበበ ካሸነፈ በኋላ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ደክሞት አልተዘረረም። ሣሩ ላይ ገብቶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ከወንበሩ ይነሣና እጆቹን ዘርግቶ ያሳየኛል፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ለረጅም ጊዜ ታሪኩ እዚያ ላይ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። በስታዲየሙ ዙሪያ የተቀመጠውን ሕዝብ አስቤው አላውቅም።

ያ ሕዝብ ግን ለሰውነት ማፍታታት እንግዳ አልነበረም። በጃፓን የሬዲዮ ጂምናስቲክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ያስጀመረውም ሐኪም ወይም መምህር እንዳይመስላችሁ፤ የፖስታ ቤቱ የሕይወት ኢንሹራንስ ነው! ሐሳቡን ያገኘው ይህንኑ በሬዲዮ ያሠራ ከነበረ አንድ የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ደንበኛው ብዙ ዓመት በኖረ ቁጥር ብዙ ዓመት ይከፍላል። ጠዋት ጠዋት ፒያኖው ይመታል፣ አሠሪው ይቆጥራል፣ ተማሪውም ሠራተኛውም እጁን ያነሣል። በጦርነቱ ዘመን ግን ይኸው ነገር ሕዝቡን እንደ አንድ ወታደር ማሰለፊያ ሆነ። ከሽንፈቱ በኋላ አገሪቱን የያዘው የአሜሪካ ጦር አስተዳደር በዚህ ምክንያት ስላልወደደው በ1947 ሥርጭቱ ተቋረጠ። በ1951 በአዲስ ዜማ ተመለሰ፤ 13 እንቅስቃሴ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል። ዛሬም አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃናቱ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጡና ለተገኙበት ቀን ማኅተም ይመታላቸዋል። በድምፅ ማጉያ መታዘዝ ለእኔ ደስ አይለኝም፤ ሦስት ደቂቃዋ ግን ታስቀናኛለች።

ወደ 1964 እንመለስ። ኦሊምፒኩ ካበቃ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ፣ የጃፓን ካቢኔ የሕዝቡን ጤናና የሰውነት ጥንካሬ ለማሳደግ ብሔራዊ ውሳኔ አሳለፈ። አበበ ሣሩ ላይ ስላፍታታ ነው አልልም። በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስቴሩ የተራውን ሰው የሰውነት ብቃት በየዓመቱ መለካት ጀመረ፤ ኦሊምፒኩ የተከፈተባት ጥቅምት 10ም (በእነሱ አቆጣጠር) ከ1966 አንሥቶ የስፖርት በዓል ሆና ሥራ ተዘጋባት። እኛ በወርቁ ስንደሰት፣ እነሱ የሠፈራቸውን ሰው መለካት ያዙ። በወርቁ መደሰታችን ጥፋት አልነበረም፤ የእኛን ሠፈር ማን ለካው ግን?

በ1965 ደግሞ አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ አወጣና «የ10,000 እርምጃ ቆጣሪ» ብሎ ሰየመው። ዓለም ሁሉ የሚከተለው ቁጥር የመጣው ከዚህ የገበያ ስም ነው። በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ተከታትሎ፣ ጥቅሙ ከ7,500 እርምጃ ግድም ወዲያ ብዙም እንደማይጨምር አግኝቷል።

አባቴ አሁን ስልኩ ይቆጥርለታል። 10,000 ካልሞላ በግቢው ውስጥ ሲዞር ያመሻል። ቁጥሩ የሐኪም ሳይሆን የጃፓን ነጋዴ መሆኑን ነገርኩት።

«ታዲያ አበበ ያሸነፈበት አገር አይደል?» አለኝና ዙረቱን ቀጠለ።