በጦር የተጐዳው ወታደርና የጌዴኦ መሬት

በጦር ሜዳ አካሉ የጐደለ ወታደር ከዘመቻ በኋላ በምን ይተዳደር ነበር ብለን ስንመረምር፣ በጌዴኦ የምናገኘው መልስ የምጽዋት ወይም የሆስፒታል ታሪክ ሳይሆን የመሬት ታሪክ ነው። አገሩ በ1880ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ፣ ወታደሩ በገንዘብ ደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት ነበር። እግሩን ያጣውም ሰው እንደ ጤነኛው ጓደኛው የሚቈፍርለት፣ እንጨት የሚሰብርለትና እህል የሚፈጭለት አገኘ ማለት ነው። (የሚያርስለት አላልንም፤ የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱንና ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር በእጁ የሚያለማ ነውና።) እኛ ይህን ርዳታ ብለን ለመጥራት እናመነታለን፤ ወታደሩ ራሱን የቻለው በገባሩ ጉልበት ነበርና።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የገባር ግዳጅ በሕግ ቢቀርም፣ ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች የመንግሥት መሬት በጋሻ፣ ይኸውም ወደ 40 ሄክታር ገደማ፣ ይሰጥ ጀመር። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር 536 ቁስለኞች የቈጠረውም በዚሁ ዘመን ነው። ነገር ግን እንደ ኢዲዶ ባለ፣ ቤትና እንሰት በተጠጋጋበት አገር ባዶ ጋሻ አይገኝም፤ መሬቱ ሲሰጥ በላዩ የተቀመጠው ሰው ጭሰኛ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ የተነሣውን የገበሬዎች ዐመፅ ከዚህ ምሬት ለይተን ልናየው አንችልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። በቅጥር ሰው ማሳረስንም ሲከለክል፣ ባለይዞታው የሞተበትን፣ የታመመበትን ወይም ያረጀበትን ቤተ ሰብ ከክልከላው አወጣ። በጦር የቈሰለውን ግን በስሙ አልጠራውም፤ እግር የሌለው ሰው «የታመመ» ከሚለው ይግባ አይግባ አንቀጹ አይናገርም።