ጉናና ፎገራ፦ የጎርፉ ታሪክ

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሌላው ተዳፋት የሚወርደው የጋይንትና የስማዳ ውኃ ደግሞ ዓባይን ይቀላቀላል።

ቀድሞ የጉና አስታና ጓሳ ዝናቡን ይዞ በቀስታ ይለቅ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ጨምሮ ማሳ ሲጠብ ግን መሬት ማሳረፍ ቀረ፤ የገብስና የድንች እርሻ ወደ ገደላገደሉ ወጣ፤ አስታውም ለማገዶ ተቆረጠ። አፈሩ እየታጠበ ከታች ያለውን የወንዝ ወለል በደለል ሞላው።

በፎገራም ቢሆን ሩዝ በ1970ዎቹ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ኋላም ሲስፋፋ፣ ጎርፍ ይተኛበት የነበረው ረግረግ ታረሰ። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ መግቧል፤ ይሁንና ሰውና ንብረት ወደ ውኃው መንገድ ቀርቧል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከአልጋቸው ሲወጡ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ የተፈናቀለው በዝናቡ ብዛት ብቻ አልነበረም።

በድጓ ምስክርነቷ ከምትታወቀው ቤተ ልሔም አንሥቶ በየአድባራቱ የተጠበቀው የጥድና የወይራ አጸድ መፍትሔውን ያሳያል፤ ሥር ባለበት አፈር አይሄድም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በዘመቻ የተሠራው እርከንም የሚጸናው ከልቅ ግጦሽ ሲጠበቅ ነው። ይህንንም የደጋው ገበሬ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ ድካሙ የቆላውንም ማሳ ያድናልና።