የወሰኑ ጥያቄ፦ የቆጋ መስኖ፣ የአሜሪካ ቤዝቦልና የፌዴራል ሥልጣን

በፌዴራል ሥርዓት ሥልጣንን በአንቀጽ ማከፋፈል ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ አንድ ጉዳይ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ መወሰን ነው። ይህ መጣጥፍ ጥያቄውን በሁለት ጉዳዮች ይመረምራል፤ በአሜሪካ ቤዝቦልና በመራዊ የቆጋ መስኖ። ወሰኑን የሚያሰምረው አካል ማንነትና ስሕተቱ የሚታረምበት መንገድ ከአንቀጹ ቃል እኩል እንደሚመዝን ይከራከራል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የፀረ ሞኖፖል ሕግ የቆመውም በዚሁ ላይ ነው። አንድ የባልቲሞር ቤዝቦል ክለብ ናሽናል ሊግ የተባለውን የቤዝቦል ሊግ በዚህ ሕግ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1922 በዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ብዕር የቤዝቦል ጨዋታ የየከተማው ትርዒት ነው፤ ተጫዋቾች ወሰን መሻገራቸው የክፍለ ግዛቶች ንግድ አያደርገውም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ኩርት ፍለድ ያለፈቃዱ ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ መዛወሩን ተቃውሞ ባቀረበው ክስ፣ ፍርድ ቤቱ በ1972 ቤዝቦል በእርግጥ የክፍለ ግዛቶች ንግድ መሆኑን አመነ። ሆኖም የቆየውን ውሳኔ ማረም የኮንግረስ ፋንታ ነው ብሎ 5 ለ 3 ፈረደበት። ኮንግረስ በፍለድ ስም የተሰየመውን ሕግ አውጥቶ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾችን መብት ያስከበረው በ1998 ነው፤ ፍለድ ከዓመት በፊት አርፎ ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 51(11) ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም የአገር ወሰን የሚሻገሩ ውኃዎችን አስተዳደር ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52(2)(መ) ደግሞ ክልሎች የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራሉ ይላል። ቆጋ ሁለቱንም ይነካል። ወንዙ የሚፈስሰው በአማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ግልገል ዓባይን፣ ጣናንና ዓባይን አልፎ ሱዳን ይደርሳል። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራው ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደ ነው። ውኃው ከዋናው ቦይ ወጥቶ ማሳ ሲደርስ ግን ጉዳዩ የጎረቤታሞች ይሆናል፤ የላይኛው ገበሬ በተራው ያጠጣል፣ የታችኛው ተራውን ይጠብቃል። ለዚህ ደረጃ አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የሚቋቋሙበትን ሥርዓት ደንግጓል። በሆምስ ዓይን ቦዩ የአካባቢ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሕገ መንግሥት ግን የወንዙን መዳረሻ ያያል። አንቀጽ 50(9) ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን ለክልል በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

ክርክር ቢነሣ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የሚያቀርብለት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገር አቀፉ ምርጫ መራዘም የተወሰነው በዚሁ መንገድ ነበር። በአሜሪካ ዳኛው የተሳሳተውን የሕግ ትርጉም ኮንግረስ አርሟል፤ እርማቱ ግን 76 ዓመት ፈጅቷል። እኛ ዘንድ ተርጓሚው ራሱ የፖለቲካ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ዋናው ዋስትና የውሳኔው ምክንያት በግልጽ መጻፉና በዜጋው መመርመሩ ነው። ስለዚህ በመራዊ ትምህርት ቤቶች የሥነ ዜጋ መምህራን አንቀጽ 51ን ከቆጋ ቦይ ጋር አያይዘው ቢያስተምሩ ተማሪው ሥልጣን የማን እንደሆነ መጠየቅን ከወላጆቹ ማሳ ይማራል።