አምቦ ውሃ፣ ኮሶና ተልባ፦ የምዕራብ ሸዋ የሆድ መድኃኒቶች

ቁርጥ ቤት የገባ ሰው ከሥጋው በኋላ «አንድ አምቦ» ብሎ ሲያዝ ጥም ይዞት አይደለም፤ የበላው እንዲፈጭለት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አምቦ ስሟ ጋዝ ላለው ውሃ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ውሃውን ለሆድ መድኃኒት አድርጎ መጠጣት ግን ከጠርሙሱ የቀደመ ልማድ ነው።

አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ከብትን ሆራ ማውረድ የቆየ ነገር ነው። ጨውና ማዕድን ያለበትን ውሃ የጠጣች ላም ወተቷ ይበረክታል፣ ገላዋም ይወዛል ይባላል። ሰውም ለራሱ ሙቁን ምንጭ ለመታጠቢያ፣ ጋዝ ያለውን ለመጠጥ ሲያደርግ ኖሯል። ቤተ መንግሥቱም ከዚህ ልማድ የራቀ አልነበረም፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ እንድትቆረቆር ምክንያት ሲሆኑ፣ የሳባቸው የፊንፊኔ ፍል ውሃ ነበር።

የአምቦ ውሃ ምስጢሩ ከመሬት በታች ነው። ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ላይ ሲወጣ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ውሃው በበኩሉ ዓለቱን እያሟሟ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ባይካርቦኔት የጨጓራን አሲድ ያለዝባል። ስለዚህ ቃር ያቃጠለው ሰው አምቦ ጠጥቶ ካገሳ በኋላ «ቀለለኝ» ቢል አልተሳሳተም። ፈረንሳዮችም የአገራቸውን የቪሺ ምንጭ ውሃ ለሆድ ይበጃል ሲሉ የኖሩት በዚሁ ባይካርቦኔት ነው።

በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተባለች። የጠርሙሱ ታሪክ የሚቆጠረው ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ፋብሪካው ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሰንቀሌ ላይ ነው። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ባለድርሻ ሆነበት። ድሮ በሽተኛው ወደ ምንጩ ይሄድ ነበር፤ ከጠርሙሱ በኋላ ምንጩ በየምግብ ቤቱ ደረሰ።

የሆድ ሕመም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለጥሬ ሥጋ ወዳዱ አገር ዋናው ችግር የኮሶ ትል ነበርና ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠጣ ነበር። ኮሶ በየቤቱ የሚፈለግ ቢሆንም ሻጩ አይከበርም ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ሰድበዋቸዋል።

ዛሬ ሐኪም ቤት በብዛት የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው፦ ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ አንዴ ያስቀምጠኛል አንዴ ያደርቀኛል። ምርመራው ትልም ቁስልም ካላሳየ ሐኪሙ አይቢኤስ (የአንጀት መቆጣት ሕመም) ሊለው ይችላል። አንጀቱ ተቆጥቷል እንጂ አልቆሰለም። አምቦ ውሃ እዚህ ላይ ዝናው አያዋጣውም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አይቢኤስ ያለበት ሰው ጋዝ ያላቸውን መጠጦች እንዲቀንስ ይላል። የተነፋን ሆድ ተጨማሪ ጋዝ አያስተነፍሰውም።

ያው ምክር ግን ለሚነፋው ሰው በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ሊረዳ እንደሚችል ይገልጻል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው በውሃ የሚሟሟ አሰርን ሲደግፍ፣ ፋርማሲ የሚሸጡትን ፕሮባዮቲኮች ግን ለዚህ ሕመም አልመከረም።

ተልባ ደግሞ ለምዕራብ ሸዋ ደጋ እንግዳ አይደለም። በአምቦ መንገድ ላይ ያለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የተልባ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። በጓዳ ያለው አሠራርም የታወቀ ነው፦ ምጣድ ላይ እስኪንጣጣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል። ጥቂት ሲቆይ ገለባው ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረው ዝልግልግ የሚለው የሚሟሟው አሰር ነው። በጾም እንጀራ የሚፈተፈትበት ተልባም ያው ነው።

ሌላው የአገር መድኃኒት ድንገተኛ የሚባለው ተክል ነው። ሆድ በድንገት ሲቆርጥ ሥሩ ይታኘካል፣ ውሃው ይዋጣል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሥሩ ጭማቂ የእንስሳ አንጀት ጡንቻን መኮማተር እንደሚያረግብ አሳይቷል። በላብራቶሪ የታየ ውጤት ግን በሰው ላይ ከተፈተነ መድኃኒት ጋር እኩል አይቆጠርም።

እንግዲህ አምቦውን ለቃርና ለጨዋታ፣ ተልባውን ለተነፋ ሆድ መተው ይሻላል። ተልባ የጀመረ ሰው ከትንሽ ይነሳ፣ ውሃም አብዝቶ ይጠጣ፤ የሚውጠው መድኃኒት ካለም ከተልባው ጋር አያገናኘው። ሰገራው ደም ያለበት፣ ሳይፈልግ የከሳ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰው ግን ሁሉንም ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።