ክብሪት ሳይሆን ክኒን፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዴት ተገኘ?

ልጅ ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንፈልገው ክብሪት ነው። የክብሪት ጭስ ግን የሚጥል በሽታን አያቆምም። የሚያቆመው ምን እንደሆነ ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

ሕመሙ የአንጎል መሆኑ ትናንት የታወቀ አይደለም። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ፣ ሰዎች «ቅዱስ በሽታ» የሚሉት ይህ ሕመም ከሌሎች በሽታዎች እንደማይለይና መነሻውም አንጎል እንደሆነ ተጽፏል። መድኃኒት ግን አልነበረም። ብሮማይድ ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው ከ1857 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እሱም ሕመምተኛውን ያፈዝዝ፣ ቆዳውንም ያበላሽ ነበር።

በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም፣ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን እንዲተኙበት ብሎ አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው። ታካሚዎቹ መተኛት ብቻ ሳይሆን መውደቃቸውም ቀነሰ፤ ያውም ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀንም። መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ነው። ዛሬም በሀገራችን ይታዘዛል።

በ1924 ደግሞ ሃንስ በርገር የሰው አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ የተመዘገበለትም የ17 ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ በዚሁ መሣሪያ፣ ልጁን የሚጥለው በአንጎል ውስጥ የሚነሣ የኤሌክትሪክ መዛባት መሆኑ በዓይን ታየ።

በእኛም ሀገር በቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ በ1990 የታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚያ ስሌት 2,000 ሰው ባለበት ሰፈር 10 ያህሉ ሕመሙ ይኖርባቸዋል። አንተ ወጣት፣ አንቺ ወጣት፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ታዲያ እኔ ደጋግሜ የማየው ምንድን ነው? ልጁ ጥቂት ወራት ሳይጥለው ይቆያል፤ «ድኛለሁ» ይልና ክኒኑን ይተዋል። ወይም ጓደኞቹ እንዳያዩት ይደብቀዋል። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ግን ሕመሙን አብሶ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። የሚቆምበት ጊዜ ቢመጣም ሐኪም ወስኖ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ጸበል መሄድ ከፈለጋችሁም ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንቅልፍ ማጣትና አልኮል ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ፤ ለፈተና ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ይቅር።

ልጁ ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አታስገቡ፤ አጥብቃችሁም አትያዙት። ሰዓት እዩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ፈጥናችሁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ይህን ለልጃችሁ አስተማሪም አሳዩት፤ ክፍል ውስጥ ቢወድቅ አጠገቡ የሚሆነው እሱ ነውና።